ዕብራይስጥና ግሪክኛ በዌብ አፕሊኬሽን ላይ ሳይበላሹ እንዲታዩ፦ ከዳታቤዝ እስከ ስክሪን

ዕብራይስጥ ጽሑፍ ዳታቤዝ ውስጥ አስገብታችሁ ገጹን ስትከፍቱ የማባዛት ምልክት ተደርድሮ ከጠበቃችሁ አትደንግጡ። × እዚህ፣ × እዚያ፣ በመሃል ጥቅስና ጭረት። ምክንያት አለው። እያንዳንዱ የዕብራይስጥ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ዛሬ ፊደልን ወደ ባይት ለመቀየር በተለመደው ስልት (ኢንኮዲንግ)፣ ሁለት ባይት ይይዛል። የመጀመሪያው ባይት ለፊደላቱ ሁሉ አንድ ነው፤ ቁጥሩ 215። የድሮው የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ፣ ላቲን1፣ ደግሞ 215ን × ብሎ ነው የሚያነበው። የዛሬው ግሪክኛ ሲሆን የመጀመሪያው ባይት 206 ወይም 207 ስለሚሆን ባርኔጣ ያጠለቀ ወይም ሁለት ነጥብ የተጫነበት የላቲን «አይ» ይደረደራል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በዚህ ሥራ ስክሪኑ ራሱ በሽታውን ይናገራል። × ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ባይቱ ደህና ነው፣ አንባቢው ነው የተሳሳተው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ሲቀመጥ ጠፍቷል፤ ያኔ እንደገና ከማስገባት ውጭ መድኃኒት የለውም። ባዶ ሳጥን ካያችሁ ፎንት ነው። ፊደሉ ትክክል ሆኖ ቁጥርና ነጥብ ቦታ ከተቀያየረ አቅጣጫ ነው። ሁሉም አምሮ ሰርቹ ምንም የማያገኝ ከሆነ ደግሞ ወደ ደረጃ 6 ዝለሉ። ብዙ ሰው ፎንት ሲቀያይር ይውላል፣ ችግሩ ግን ዳታቤዙ ውስጥ ነው።

የኮድ ቃላቱን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው። ኤዲተራችሁ ላይ ግን እንደተለመደው በላቲን ነው የሚገቡት።

ደረጃ 1፦ በየርክክቡ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጡ

ጽሑፉ ከፋይል ወደ ፕሮግራም፣ ከፕሮግራም ወደ ዳታቤዝ፣ ከዚያ ወደ ሰርቨር፣ መጨረሻ ወደ ብራውዘር ይጓዛል። በየርክክቡ አንዱ ወገን ሌላ ቋንቋ ካወራ አለቀ።

ፋይሎቻችሁን በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጉ። ገጹ ላይ የሜታ ቻርሴት መስመር በመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ ይሁን፤ ከሄድ ታግ ቀጥሎ ካስቀመጣችሁት ችግር የለም። ነገር ግን የሰርቨሩ የኮንተንት-ታይፕ ሄደር ከሜታው ይበልጣል። ሄደሩ ሌላ ኢንኮዲንግ ከተናገረ ሜታው ቢጮህ የሚሰማው የለም። የብራውዘሩን የኔትወርክ መስኮት ከፍታችሁ ሄደሩን በዓይናችሁ እዩት።

ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ ሠንጠረዡን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉት። ከ8.0 ጀምሮ ነባሪው ይሄው ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ላቲን1 ነበር፣ የቆዩ ሠንጠረዦች አሁንም እሱን ይዘው ይዞራሉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ሠንጠረዡ ሳይሆን ኮኔክሽኑ፣ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበት መስመር፣ ነው። ሠንጠረዡ ዩቲኤፍ-8፣ ኮኔክሽኑ ላቲን1 ሲሆን መጥፎ ነገር ይፈጠራል፦ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ይደረግና አፑ ላይ ግን ደህና ይመስላል። ሲገባ የተበላሸው ሲወጣ በዚያው መንገድ ስለሚመለስ ማንም አይነቃም። ጉዱ የሚወጣው ዳታውን ወደ ሌላ ቦታ ስትቀዱት ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ቃል ያለ አናባቢ ነጥብ በዕብራይስጥ አስገቡ፦ ቤት፣ ሬሽ፣ አሌፍ፣ ሺን፣ ዮድ፣ ታው። ስድስት ፊደል ነው። ከዚያ የባይቱን ርዝመት ዳታቤዙን ጠይቁ፤ በማይኤስኪውኤል «ሌንግዝ» የሚለው ፈንክሽን ባይት ነው የሚቆጥረው። 12 ካለ ጤና ነው። 24 ወይም ከዚያ በላይ ካለ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል። 6 ካለ ደግሞ የተቀመጠላችሁ ስድስት የጥያቄ ምልክት ነው።

ደረጃ 2፦ የወረሳችሁትን ጽሑፍ መርምሩ

ጽሑፉን ራሳችሁ ካልጻፋችሁት ከየት እንደመጣ እወቁ። ለየፊደሉ አንድ ቁጥር ከሚሰጠው መስፈርት፣ ከዩኒኮድ፣ በፊት ግሪክኛና ዕብራይስጥ በብዙ መላ ይጻፉ ነበር። አንዱ መላ እኛም በአማርኛ የምናውቀው ነው፦ ከታች ያለው የላቲን ፊደል ሆኖ ፎንቱ ብቻ መልኩን ይለውጠዋል። ፎንቱን ስታነሱት የላቲን ዝብርቅርቅ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ፎንት ጭኖ ማስታመም ትርፍ የለውም። የፎንቱን ሰንጠረዥ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩትና ተገላገሉ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አይኤስኦ 8859-8 በሚባለው ኢንኮዲንግ የተጻፉ የድሮ የዕብራይስጥ ገጾች ፊደሉን በሚታይበት ቅደም ተከተል ነበር የሚያስቀምጡት፤ ማለትም የመጨረሻው ፊደል መጀመሪያ። ዩኒኮድ ግን የሚያስቀምጠው በሚነበብበት ቅደም ተከተል ነው። ቤት ከሬሽ በፊት፣ ሬሽ ከአሌፍ በፊት። መገልበጡ የብራውዘሩ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ የቃላት መማሪያ አፕ ስሠራ የተጠቀምኩበት የፒዲኤፍ ላይብረሪ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍ አያውቅም ነበር። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ስትሪንጉን ገልብጬ ዳታቤዙ ውስጥ አስቀመጥኩት። ፒዲኤፉ አማረ። ዌብ ገጹ ላይ ግን ብራውዘሩ ደግሞ ገለበጠውና ቃሉ ከኋላ ወደ ፊት ሆነ። አናባቢ ነጥቦቹ ጭራሽ ቤታቸውን ለቀው ጎረቤት ፊደል ላይ ተቀመጡ፤ ምክንያቱም ነጥብ ሁልጊዜ የሚለጠፈው ከፊቱ በተጻፈው ፊደል ላይ ነው። ዳታውን ለማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የተገለበጠ ጽሑፍ በፍጹም አታስቀምጡ። መገልበጥ ግድ ከሆነ መጨረሻ ላይ፣ ለዚያ ላይብረሪ ብቻ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ቋንቋውንና አቅጣጫውን ኤችቲኤምኤሉ ላይ ተናገሩ

ሁለት አትሪቢዩት ናቸው፦ «ላንግ» እና «ዲር»። ለዕብራይስጥ ላንግ «ኤችኢ»፣ ዲር «አርቲኤል» ይሁን። ለዘመናዊ ግሪክኛ «ኢኤል»፣ ለጥንቱ ግሪክኛ «ጂአርሲ»። ግሪክኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ ገጻችሁ አማርኛ ከሆነ ዲር አያስፈልገውም፤ በዕብራይስጥ አንቀጽ ውስጥ ከገባ ግን «ኤልቲአር» በሉት።

ላንግን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ብራውዘሩ ፎንት የሚመርጠው፣ ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር ድምፅ የሚቀይረው፣ የግሪክኛ ትልቅ ፊደል ሕግ የሚሠራው በእሱ ነው።

አቅጣጫን በሲኤስኤስ አትስጡ። ሲኤስኤሱ ካልተጫነ ወይም ጽሑፉ ወደ ኢሜይል ከተቀዳ አቅጣጫው አብሮ ይጠፋል። አቅጣጫ የጽሑፉ ጠባይ ነው፣ ጌጥ አይደለም። ሲኤስኤሱ ውስጥ ሌላ ሥራ አላችሁ፦ «ግራ» እና «ቀኝ» እያላችሁ የጻፋችሁትን ማርጂንና ፓዲንግ ሁሉ «መነሻ» እና «መድረሻ» ወደሚሉት፣ ኢንላይን-ስታርትና ኢንላይን-ኤንድ ወደሚባሉት ቀይሩት። ያኔ ዲር ሲቀየር ገጹ ራሱ ይዞራል።

ደረጃ 4፦ የተቀላቀለ ጽሑፍ

ዋናው ራስ ምታት እዚህ ነው። ሙሉ አንቀጽ ዕብራይስጥ ቀላል ነው። አማርኛ መሃል የገባ አንድ የዕብራይስጥ ቃል ነው የሚያስቸግረው።

የዩኒኮድ የሁለት አቅጣጫ ሕግ ፊደላትን በጠባያቸው ይከፍላል። የዕብራይስጥ ፊደል ጠንካራ የቀኝ-ወደ-ግራ ነው። የግሪክ፣ የላቲንና የግዕዝ ፊደል ጠንካራ የግራ-ወደ-ቀኝ ነው። እንደ 12 ያለ ቁጥር ደካማ ነው፣ ጎረቤቱን ይከተላል። ክፍት ቦታ፣ ቅንፍ፣ ቃለ አጋኖ ደግሞ ወገን የላቸውም።

እስቲ በቅርብ እንየው። አፓችሁ «ቃሉ» ብሎ የዕብራይስጡን ቃል፣ ቀጥሎ «12 ጊዜ» ብሎ ያትማል እንበል። ኮዱ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። ስክሪኑ ላይ ግን 12 ከዕብራይስጡ ቃል በስተግራ ይወጣል፤ «ቃሉ 12» ተብሎ ዕብራይስጡ ይከተላል፣ «ጊዜ» ብቻውን መጨረሻ ላይ ይቀራል። ቁጥሩ ከፊቱ ያለውን ዕብራይስጥ ተከትሎ ኮበለለ። ይሄ የብራውዘር ስህተት አይደለም። ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ቃሉን ማግለል ነው። «ቢዲአይ» በሚባለው ታግ ውስጥ ክተቱት፣ ወይም ስፓን አድርጋችሁ ዲር አርቲኤል ስጡት። ያኔ የውጭው ዓረፍተ ነገር ቃሉን ወገን እንደሌለው አንድ ዕቃ ብቻ ያየዋል፤ 12ም ቦታው ላይ ይቀመጣል። ከተጠቃሚ ወይም ከዳታቤዝ የመጣ ማንኛውንም ስም፣ ርዕስ፣ ቃል በቢዲአይ የመጠቅለል ልማድ ይኑራችሁ። ወጪው አንድ ታግ ነው።

ታግ የማይገባበት ቦታ አለ፤ የገጽ ርዕስ፣ ማሳወቂያ፣ ተራ ጽሑፍ ኢሜይል። እዚያ የማይታዩ የማግለያ ቁምፊዎችን ተጠቀሙ። በዩኒኮድ ቁጥራቸው 8296 ከፊት፣ 8297 ከኋላ። እነዚህ ዩኒኮድ 6.3 ላይ፣ በ2013 የገቡ ናቸው። ከዚያ በፊት ሰው የሚጠቀመው የማይታዩትን የአቅጣጫ ምልክቶች 8206ን እና 8207ን ነበር፤ አሁንም ይሠራሉ፣ ግን የት እንደሚገቡ ማሰብ ይጠይቃሉ።

አሁን ለእኛ ብቻ የሚሆን ጉዳይ። የግዕዝ ሥርዓተ ነጥቦች፣ ማለትም ። ፣ ፤ ፥ በዩኒኮድ ወገን-አልባ አይደሉም። እንደ ፊደል ጠንካራ የግራ-ወደ-ቀኝ ናቸው። ጥቅሙ፦ ከዕብራይስጥ ቃል በኋላ ያለ አራት ነጥብ እንደ ቃለ አጋኖ አይኮበልልም። ጉዳቱ፦ አማርኛ አንቀጽ ውስጥ ሳይገለል በገባ የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገር መሃል ፣ ካስገባችሁ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ይቆርጠዋል፤ ሁለተኛው ግማሽ ወደ ቀኝ ይሄድና አንባቢው ከመጨረሻው ይጀምራል። ዕብራይስጥ ውስጥ የዕብራይስጥ ሥርዓተ ነጥብ ብቻ ይግባ።

የግዕዝ ቁጥሮችም እንደዚያው ናቸው። ዲር «ኦቶ» ካላችሁ ብራውዘሩ የመጀመሪያውን ጠንካራ ቁምፊ አይቶ ነው አቅጣጫ የሚወስነው። ጥቅሱ በ1 ቢጀምር 1ን ዘሎ ዕብራይስጡን ያያል፣ ከቀኝ ይጀምራል። በ፩ ቢጀምር ግን ፩ን አይቶ «ይሄ ከግራ ነው» ይላል፣ አንቀጹም ይዛባል። የቁጥር አጻጻፉን ሳትቀይሩ ቁጥሩን ከጽሑፉ ለይታችሁ በሌላ ታግ አስቀምጡት። ኦቶን ቋንቋው ቀድሞ ለማይታወቅ ጽሑፍ፣ በተለይ ለመጻፊያ ሳጥኖች ተዉት። የምታውቁትን በግልጽ ተናገሩ።

ደረጃ 5፦ ፎንት

ፊደሉን የያዘ ፎንት ሁሉ ምልክቱን ይይዛል ማለት አይደለም። ዕብራይስጥ 22 ፊደል አለው፤ አምስቱ በቃል መጨረሻ ሌላ መልክ ስላላቸው 27 ይሆናሉ። በዩኒኮድ ከ1488 እስከ 1514 ያሉት ናቸው። በላያቸው ኒቁድ የሚባሉት የአናባቢ ነጥቦች አሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ ደግሞ የዜማ ምልክቶች ይጨመራሉ። ለጋዜጣ የተሠራ ፎንት የዜማ ምልክት ላይኖረው ይችላል። ግሪክኛም እንዲሁ ነው። ግሪክ በ1982 ብዙ ምልክት ያለውን አጻጻፍ ትታ ወደ አንድ ምልክት ስለዞረች ለዛሬው ግሪክኛ ብቻ የተሠሩ ፎንቶች የጥንቱን ትንፋሽና ክብ ምልክት አያውቁም። የጥንቱ ፊደላት ከ7936 እስከ 8191 ባለው ክፍል ነው የሚገኙት።

ፎንቱ የጎደለው ሲሆን ብራውዘሩ ያንን አንድ ፊደል ብቻ ከሌላ ፎንት ይበደራል። አንድ ቃል ውስጥ አንዱ ፊደል ወፍሮ ሌላው ከስቶ ካያችሁ ይሄ ነው።

እኔ ለመጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጥ ኤስቢኤል ሂብሩን ወይም ኤዝራ ኤስአይኤልን፣ ለጥንቱ ግሪክኛ ጄንቲየም ፕላስን እመርጣለሁ። ለዘመናዊ ጽሑፍ የኖቶ ቤተሰብ ይበቃል። ፈቃዳቸውን አንብባችሁ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ በውፍ2 ፎርማት አስቀምጧቸው፤ የተጠቃሚው ስልክ ላይ ይኖራል ብላችሁ አትመኑ።

የማትጠቀሙበትን ፊደል አውጥታችሁ የፎንቱን ፋይል ስታሳንሱ ተጠንቀቁ። ነጥቡን ከፊደሉ ሥር መሃል ለመሃል የሚያስቀምጠው በፎንቱ ውስጥ ያለ የአቀማመጥ ሠንጠረዥ ነው። የማሳነሻው ፕሮግራም ይህን ከጣለው ፊደሉም ነጥቡም ይኖራሉ፣ ግን ነጥቡ ጎን ላይ ይንሳፈፋል። ሌላው ወጥመድ «ዩኒኮድ-ሬንጅ» ነው። ብራውዘሩ ፎንቱን ሲያስፈልግ ብቻ እንዲያወርድ ስለሚያደርግ ጥሩ ነገር ነው። ግን ለግሪክኛ የግሪኩን ክፍል ብቻ ከሰጣችሁት ተነጥለው የሚጻፉት ምልክቶች ከ768 እስከ 879 ስለሆኑ ውጭ ይቀራሉ። እነሱንም ጨምሩ። በሲኤስኤስ ውስጥ ቁጥሮቹ በሄክሳዴሲማል እንደሚጻፉ አትርሱ።

የቀረውን በአጭሩ፦ ኒቁድ ያለበት ጽሑፍ ከአካባቢው ጽሑፍ ትንሽ ይተልቅ፣ የመስመር ከፍታው 1.7 ገደማ ይሁን። ዕብራይስጥን አታጋድሙት፤ ማጉላት ካስፈለገ ቀለም ወይም ውፍረት ተጠቀሙ። ውፍረቱም ከፎንቱ ይምጣ፤ ብራውዘሩ አስመስሎ ሲያወፍረው ነጥቦቹ ይደፈናሉ። ፎንት-ሲንተሲስን «ነን» ብትሉት ከዚህ ትገላገላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሰርች እንዲያገኝ

ሁለት ጽሑፎች ስክሪን ላይ አንድ መስለው በባይት ሊለያዩ ይችላሉ። ግሪክኛ አልፋ ከነምልክቱ 940 ሊሆን ይችላል፣ 8049ም ሊሆን ይችላል። ወይም አልፋ ለብቻ፣ ምልክቱ ለብቻ። ዓይን አይለየውም፣ ዳታቤዝ ይለየዋል። ኤንኤፍሲ የሚባለው የዩኒኮድ ማስተካከያ ሁሉንም ወደ 940 ያመጣል። በጃቫስክሪፕት «ኖርማላይዝ» ነው ስሙ።

ስለ መመሳሰል ካነሳን፣ የግሪክኛ የጥያቄ ምልክት፣ 894፣ ፕሮግራመሮች በየመስመሩ መጨረሻ ከሚያስቀምጡት ሴሚኮለን ጋር መንታ ነው። ባልደረባን ለማሳበድ ኮዱ ውስጥ አንዱን በሌላው የመቀየር የቆየ ቀልድ አለ። እናንተ ላይ ሳታስቡት እንዳይደርስ ብቻ ተጠንቀቁ።

ዕብራይስጥ ላይ ኤንኤፍሲ የነጥቦቹን ቅደም ተከተል ይለዋውጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ኢየሩሳሌም የሚለው ቃል ግን በማሶራው ጽሑፍ፣ ማለትም አናባቢ በተጨመረበት ባህላዊው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ላሜድ ሥር ሁለት አናባቢ ይይዛል፣ ቅደም ተከተላቸውም ትርጉም አለው። ጠንቃቃ አዘጋጆች በመሃላቸው 847ን፣ የማይታይ ቁምፊ፣ ያስገባሉ። ስለዚህ የሚታየውን ጽሑፍ እንደመጣ አስቀምጡት። ለሰርች ሌላ ዓምድ ፍጠሩ።

የሰርቹን ዓምድ እንዲህ ሙሉት። ጽሑፉን ፊደልንና ምልክትን በሚለያየው የዩኒኮድ ማስተካከያ፣ በኤንኤፍዲ፣ በትኑ። ምልክቶቹን ሁሉ አስወግዱ። አምስቱን የመጨረሻ ፊደላት ወደ መደበኛቸው፣ ለምሳሌ 1501ን ወደ 1502፣ መልሱ። የግሪኩን የመጨረሻ ሲግማ፣ 962፣ ወደ 963 ቀይሩ። ግሪክኛውን ወደ ትንሽ ፊደል አውርዱ። ተጠቃሚው የሚጽፈውንም በዚያው ወንፊት አሳልፉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ሰው የዕብራይስጥ ምልክቶችን ሲያጠፋ ከ1425 እስከ 1479 ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠርጋል። መሃል ላይ 1470 አለ። እሱ ምልክት ሳይሆን ማቃፍ የሚባል፣ ቃላትን የሚያገናኝ ጭረት ነው። ሲጠረግ ሁለት ቃል ተጣብቆ አንድ ይሆናል፣ ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ማቃፍን አስቀድማችሁ በክፍት ቦታ ተኩ።

ደረጃ 7፦ ስትቆርጡና ስትቆጥሩ

ያ የዘፍጥረት የመጀመሪያ ቃል ከነ ኒቁዱ ስድስት ፊደልና አምስት ምልክት ነው። ፕሮግራማችሁ 11 ብሎ ይቆጥረዋል። «የመጀመሪያዎቹን 7 ፊደሎች አሳይ» ብትሉት ሺን ላይ ሲደርስ ነጥቧን ጥሎ ይቆርጣታል፤ ሺን ትሁን ሲን አይታወቅም። በጃቫስክሪፕት «ኢንትል ሴግመንተር» ፊደሉን ከነምልክቶቹ አንድ አድርጎ ይቆጥራል፤ በእሱ ቁረጡ።

ትልቅ ፊደል የግሪክኛ ጣጣ ነው። ቃል በትልቅ ፊደል ሲጻፍ የአነባበብ ምልክቱ ይወርዳል። ላንግ «ኢኤል» ከሆነ ብራውዘሩ በቴክስት-ትራንስፎርም ይህን ራሱ ያደርጋል። ላንግ ከሌለ ምልክቱ ትልቁ ፊደል ጎን ተጣብቆ ይቀራል፣ ግሪክኛ የሚያነብ ሰው ካየው ወዲያው ያውቅባችኋል።

ሥራውን ከመልቀቃችሁ በፊት አራት ነገር አስገቡና በስልክ ጠባብ ስክሪን ላይ እዩ። አንድ ረጅም የዕብራይስጥ ጥቅስ ከነ ዜማ ምልክቱ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲወርድ መጀመሪያው ላይ መቅረት ያለበት ቃል አብሮ ወርዶ እንደሆነ ተመልከቱ። አንድ አማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ መሃሉ ላይ ዕብራይስጥና ከጎኑ ቁጥር። ከዮሐንስ ወንጌል መክፈቻ «አርኬ» የሚለውን ቃል፤ መጨረሻው ኤታ ላይ ክቡ ምልክት ከላይ፣ ትንሿ ዮታ ከታች መታየት አለባቸው። አራተኛው ሲግማ ሁለት ጊዜ ያለበት ማንኛውም የግሪክ ቃል፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ መጨረሻ። ከገጹ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ሰርቹ ውስጥ ለጥፉት። ራሱን ካላገኘ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።